ኪያር የጠፋ ዕለት

ሐርቡ ሲሞቅ እንዲህ ነው፤ ጥላው አያስጠልል፣
ውሻው ከአይሱዙ ሥር ምላሱን ያንጠለጥል፤
ጾሙ አሥራ ዘጠኝ አልፎ፣ ሃያኛው ሲጋመስ
እናቴ ጠራችኝ፣ ድምጿ ኮሰስ ኮሰስ፦
«ሾርባም አላሰኘኝ፣ ሳምቡሳም ይቅርብኝ፣
ኪያር በሎሚና በጨው ክተፊልኝ።»

እሷ ኪያር ስትል ሸቀጥ አይደለም የምትጠራው፤
ቦርከና ዳር ነበር በእጇ የምትዘራው፣
ሦስት መደብ መሬት፣ በሸንበቆ ታጥሮ፤
ጎርፉ መጣ አንድ ሌሊት፣ ይዞት ሄደ አብሮ።
አሁን ቦታው አሸዋ ነው።
ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ዘንቢል አንጠልጥዬ ወጣሁ ወደ አስፋልት፤
«ኪያር አለ?» ብላት ዙበይዳ፣ «ከየት?
ደሴ ነው የሚበላው፤ ገና ሳይነጋ ጭነውት
ሄዱ በሌሊት።»
«እንግዲያው ምትክ ስጪኝ» አልኳት፤ አየችኝና
«ስምሽ ራሱ ምትኬ! ከዚህ ወዲያ ምን አለና!»
ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ከእኔ በፊት አንዲት ነበረች፣ ራህመት የሚሏት፣
በኩፍኝ የሄደች፣ በሦስት ዓመቷ፣ በአንድ ሳምንት።
ፎቶ የላትም። እናቴ ሲደክማት ብቻ
ስሟን ጀምራ፣ «ራህ…» ብላ፣ ትመልሰዋለች።

ቀምሼ እንዳልመርጥ እኔም ጾመኛ ነኝ፤
ጥፍሬና ጆሮዬ ናቸው የዳኙልኝ።
ዝኩኒን አነሳሁ፦ መልኩ ወንድሙን ይመስላል፣
ጥሬውን ሲነክሱት ግን ስፖንጅ ይሆናል።
ጥቅል ጎመን ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለውም፤
ጩኸት ብቻውን ደግሞ ጥም አይቆርጥም።
ፍጅል ውሃም ድምፅም አለው፣ ግን ይናደፋል፤
ባዶ ሆድ ላይ ሲወድቅ ሌሊቱን ያነጋግራል።
ካሮቱን ገና ስነካው ተውኩት። ይጣፍጣል፤
እናቴን ሲጠማት ጣፋጭ ያስመርራታል።
ወደ ቃሪያው ሳይ ደግሞ ዙበይዳ ራሷ
«ኧረ አላህን ፍሪ!» አለች።

ከዚያ ዝም ብላ ሐባብ ገመሰች፣
ቀዩን ለልጆቿ ቆራርሳ አደለች
(ሁለቱ ገና ለጾም አልደረሱም፣
አገጫቸው ላይ የሚወርደውን እንኳ አይጠርጉም)፤
አረንጓዴውን ልጣጭ በቢላ ገፈፈች፣
ከሁለቱ መሃል የቀረውን፣
ሰው ሁሉ የሚጥለውን
ነጩን ሰጠችኝ።
በጥፍሬ ጫንኩት፦ ውሃ አወጣ።
ከጆሮዬ ሥር ሰበርኩት፦ ቀጭ!
ዋጋ አልጠየቀችም። ከብት የሚበላው ነገር ምን ዋጋ አለው?

ቤት ገብቼ አሳስቼ ከተፍኩት፣
ጨው ነሰነስኩበት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣
እንስራው ሥር፣ እርጥቡ መሬት ላይ አቆየሁት።
ሳህኑ ውስጥ ሲታይ ኪያር ነው፤ ማንም ቢምል አይፈረድበት።
«ኪያር ነው» ልበላት? ግን በጾም አፍ መዋሸት…
ደግሞም እሷን? ኪያርን በጤዛ፣ በጨለማ
በእጇ ዳብሳ ትለቅም የነበረችን?

አዛን ተሰማ።
ቴምሯን አስቀደመች። ውሃዋን ተጎነጨች።
እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች።
አላመጠች። ቆም አለች። አላመጠች።
«ኪያር አይደለም» አለች።
«አይደለም፣ እማ። ጠፋ። ምትክ ነው» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ መሃላችን ተቀመጠ፣
እንዳልተጠራ እንግዳ።
የጎረቤት ሬዲዮ ተከፈተ፣ ተዘጋ።
ሎሚው በጣቷ ስንጥቅ ገብቶ አቃጠላት መሰለኝ
እጇን አራገበች።

«ማነው ምትክ ያለሽ?»
ሳህኑን ወደ ጉልበቷ ሳበች።
«ሐባብ ነው። እኔም ሐባብ ብዬ ነው የምበላው።»
አንድ ደግማ አነሳች፣ ሁለት፣ ጨው ጠየቀች፣
ስሜን እስከ መጨረሻው ጠርታ።

ቆይታ ደግሞ፣ ሳህኑ ሊያልቅ ሲል፣
ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፦
«ቀዩንስ ማን በላው?»